ማግኔቱን የያዘው ግፊት ብቻ አይደለም
ማግኔት በቀዘቀዘ ሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም የሚያሳልፍ ቁስ) ላይ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍበት ሙከራ የተጻፈ ጽሑፍ «ሱፐርኮንዳክተሩ ማግኔቱን ስለሚገፋው ይንሳፈፋል» ይላል፤ ይህ ማብራሪያ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ግፊት ብቻ ቢሆን ማግኔቱ ትንሽ ሲነካ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ይወድቅ ነበር። ከኢትሪየም፣ ከባሪየምና ከመዳብ ኦክሳይድ በተሠራው ሱፐርኮንዳክተር ሴራሚክ ውስጥ ግን የማግኔቱ መስክ በቀጫጭን ክሮች ገብቶ እንከን ያለበት ቦታ ላይ ይያዛል፤ ችካል ላይ እንደታሰረ በግ ነው። ጥሩ ሴራሚክ ሲገለበጥ እንኳ ማግኔቱ ከሥሩ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ሕዝብ ማየት ያለበትም ይህንን ነው። ሙከራውን ደሴና ኮምቦልቻ ለምታሳዩ ልጆች፦ ሴራሚኩ ገና ሳይቀዘቅዝ 3 ሚሊ ሜትር ካርቶን አንጥፋችሁ ማግኔቱን ላዩ ላይ አስቀምጡት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑን ሴራሚኩ ያለበት ፎም ሳህን ውስጥ ቀስ ብላችሁ አፍሱ፣ መንተክተኩ ጋብ ሲል ካርቶኑን ሳቡ። ሴራሚኩ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ከ92 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ በታች ነው፤ ናይትሮጅን በባሕር ወለል 77 ኬልቪን ላይ ይፈላል፣ ደሴ ከፍታ ላይ ደግሞ 2 ዲግሪ ያህል ዝቅ ስለሚል ይጠቅማችኋል። የሴራሚኩ ጠላት በኋላ ላዩ ላይ የሚሰፍረው ውርጭ ነው። ውሃ ሴራሚኩን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ አየር አድርቃችሁ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። «ናይትሮጅኑ ከየት ይመጣል?» ለሚሉ፦ የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች የኮርማ ዘር የሚያቆዩት በዚሁ ነው። ብቻ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጋችሁ እንዳትከድኑት፤ 1 ሊትሩ ሲተን 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ስለሚሆን ይፈነዳል። መስኮትም ክፈቱ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይገፋዋል።