ጠገራ ሲፈለግ ቆርኪ

ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረታ ብረት የሚፈልግ ማሽን፣ ይዞ የቆመ ሰው አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ሁለት ዓይነት ወዳጅ ያፈራል፤ ፈንጂ ሊያመክን የመጣ መስሎት የሚሸሽና የጣሊያን ወርቅ ተገኘ ብሎ የሚጠጋ። የሚጠጋው ይብሳል። ስልኩን፣ ቁልፉንና የቀበቶውን ዘለበት ይዞ መሬቱን የሚያስሰው የማሽኑ ሳህን አጠገብ ይቆምና ማሽኑ ሲጮህ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው!» ይላል።

ሜዳው መሐል መልፋት ትርፉ ድካም ነው። ሳንቲም ከኪስ የሚሾልከው ሰው ሲቀመጥና ሲጋደም ስለሆነ የዛፍ ጥላ፣ የአግዳሚ ወንበር ጀርባ፣ ቡና የሚፈላበት ጥግ ይሻላል። ሳህኑ ከሣሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዝግ ብሎ ግራ ቀኝ ይሄዳል። ጀማሪው ግን ዳር ሲደርስ እንደ ማጭድ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ዳር ላይ የተኛችው ሳንቲም በዚያው ትቀራለች። ቀዩ አፈር ደግሞ ራሱ ብረት አለበት። ንጹሕ ቦታ ላይ ሳህኑን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ካላስታረቁት ባሕር ዳርን በሙሉ ቆፍር ይላል።

ብር ፍለጋ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የብር ወረቀት ነው፤ የሲጋራ፣ የማስቲካ። አሥረኛው ላይ ይናደድና ማሽኑን «ይህን ድምፅ እንዳታሰማኝ» ብሎ ያዘዋል። ማሽኑ ታዛዥ ነው። ችግሩ፣ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራችው የደርግ ዘመን ስሙኒም ድምፅዋ ለዚያ ወረቀት ይቀርባልና አብራ ዝም ትላለች።

ቆርኪ ግን የተማረ አታላይ ነው፤ ብረት ሆኖ ሳለ እንደ ብር ይዘምራል። መርማሪው ዘዴ ሳህኑን ከላዩ ቀስ አድርጎ ወደ ራስ መሳብ ነው። ሳንቲም ከሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ይቆማል፤ ቆርኪ ከሆነ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

የሁሉም ሕልም ጠገራ ብር ናት፤ 28 ግራም የምትመዝን፣ ስፋቷ አራት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ማርትሬዛ። ላይዋ ላይ 1780 ይነበባል ብሎ ልቡ የሚመታ ይረጋጋ፤ ጡረታ እንደሚፈራ ሠራተኛ ዕድሜዋን አንዴ አስመዝግባ አልቀየረችም፣ ከዚያ ወዲህ የተመታችውም 1780 ናት። ብትገኝ እንኳ ቡና የሚያፈሉት እትዬ «በአመድና በሎሚ እሻት ልጄ» ማለታቸው አይቀርም። የታሸች ሳንቲም ታበራለች፣ ሰብሳቢ ዘንድ ግን ዋጋዋ ይወርዳል። በዚያ ላይ በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ አለ፤ ቅርስ ፍለጋ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በአጋጣሚ ያገኘም ያሳውቃል። ፈቃድ ለሌለው የሚቀረው ትናንት የወደቀ ሳንቲም ነው።

ቁፋሮው ላይ ሣሩ በሦስት ጎን ተቆርጦ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ አፈሩ ማዳበሪያ ላይ ይጠራቀምና ሲያበቃ ተመልሶ ይረገጣል። ይህ የሚሆነው ዘበኛው «አንተ ልጅ፣ ምን ቀበርክ?» እስኪል ድረስ ነው። በዚህ መሐል ጉድጓዱን የከበበው ሕዝብ አንገቱን ያስግጋል፣ አንዱ ሽማግሌ «ወርቅ ነው» ብለው ያማትባሉ፣ ቆርኪው ይወጣል። ሊስትሮው ይቀበልና ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ ከሥሩ ሽልማት ይኖር እንደሆነ ገልብጦ ያያል።