እንደ ግብዓት ወስደነዋል

ቅዳሜ ጠዋት የወረዳችን ምክር ቤት ነዋሪውን ለውይይት ጠርቶ ነበር። ጥሪው ለሁለት ተኩል ነው። እኔ ጅሉ ሁለት ተኩል ላይ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የፕላስቲክ ወንበር የሚደረድር ልጅ፣ እና ማይክ የሚሞክር ሌላ ልጅ። «ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ ሁለት» ይላል። ትንሽ ያርፍና እንደገና «አንድ ሁለት»። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ ሦስት ላይ አልደረሰም። ያኔ የማይኩ ችግር መስሎኝ ነበር። ከሰዓት ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ልጁ የዕለቱን ስብሰባ በሙሉ አስቀድሞ እንደነገረኝ ገባኝ።

ዛሬ ወቀሳ የለም። ወረዳ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድደው በዝቷልና እስቲ አንድ ሰው እንኳ ያመስግን። የእኛ ምክር ቤት ሃሳብ ላይ የሚያስቀና ሆድ አለው። ስለ ቆሻሻ አንስተናል፤ እንደ ግብዓት ወስዶታል። ስለ ውሻ መንጋ አንስተናል፤ ወስዶታል። ከኮብልስቶኑ ስር ስለሚፈልቀው ፍሳሽ ካቻምና አንስተን ወስዶታል፣ አምና አንስተን ወስዶታል፣ ዘንድሮም ሳይሰለች፣ ሳይጠግብ፣ «ኧረ ይሄን ነግራችሁኛል» ብሎ ፊት ሳይነሳን፣ እንደ አዲስ ወስዶታል። በዚህ ኑሮ ውድነት እንዲህ ያለ ተቀባይ ከየት ይገኛል? ግብዓት ካለ ውጤት መኖር አለበት የሚሉ አሉ። እነሱ ፋብሪካ የለመዱ ናቸው።

የዕለቱ አጀንዳ «በሦስተኛ ወገን እየተሰጡ ያሉ አገልግሎቶች ያሉበት ሁኔታና የነዋሪው ሚና» ይላል። በሰፈርኛ ሲፈታ፣ ቆሻሻ የሚወስደው ማህበር፣ መኪና ማቆሚያውን የያዘው ማህበር እና የሕዝብ ሽንት ቤቱን የያዘው ማህበር ማለት ነው።

ይሄ የሦስተኛ ወገን ነገር እንዴት ያለ ጥበብ መሰላችሁ! ድሮ ቆሻሻ ካልተነሳ ቀበሌ ሄደህ ትጮሃለህ። ሲወጣልህ ትመለሳለህ። አሁን ግን ንዴትህ ራሱ በሥርዓት ይስተናገዳል። ወረዳ ስትሄድ «ማህበሩን ጠይቅ» ይሉሃል። ማህበሩ «እኛ ከቤት እስከ ገንዳ ነን፤ ገንዳውን የሚያነሳው መኪና ነው» ይልሃል። መኪናው የክፍለ ከተማ ነው። ክፍለ ከተማ ደግሞ «ቅሬታዎን በወረዳዎ በኩል ያቅርቡ» ይልሃል። ዞረህ ዞረህ የጀመርክበት በር ላይ ስትደርስ ላብህ ወጥቷል፣ ንዴትህ በርዷል፣ ስብህም ትንሽ ቀልጧል። ጂም ቤት በወር ስንት እንደሚያስከፍል የምታውቁ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ በነፃ ነው።

በነፃ አልኩ እንዴ? ይቅርታ። ክፍያውማ አለ። የቆሻሻው ሂሳብ ከውሃ ቢል ጋር ተዳብሎ ነው ሲቆረጥ የኖረው። በተጠቀምከው ውሃ ልክ ተሰልቶ የቆሻሻህ ይታከልበታል። አንዳንዱ ተጠራጣሪ ውሃና ቆሻሻን ምን አገናኛቸው ይላል። እኔ ግን ያንን ያሰበውን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሁለት ሳምንት ቧንቧው ሲነፋ ቢከርም ቢሉ ይወርዳል። ቢሉ ከወረደ የቆሻሻህም ሂሳብ ይወርዳል። በወረቀት ንጹሕ ሰው ሆነህ ታድራለህ። ይሄ ዜና ያልደረሰው ገንዳው ብቻ ነው።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። አፈ ጉባኤዋ ሕዝቡን አመስግነው ሪፖርት ተነበበ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሁሉም ነገር በመቶኛ ነው፤ መቶኛው ደግሞ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር አለው። ድፍን ቁጥር ሰው ሊጠራጠረው ይችላል። ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር ያለውን ግን ማን ደፍሮ ውሸት ነው ይላል? «የነዋሪው እርካታ» የሚለው ጋ ሲደርሱ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ማንን ጠይቀው ነው?»

«እርስዎን አልጠየቁዎትም?»

«እኔንማ የጠየቀኝ የለም።»

«እኔንም አልጠየቁኝም።»

ዝም ተባባልን። ረክተው የተቆጠሩት ሰዎች የት እንደሚኖሩ ባውቅ ሰርቪስ ቤትም ቢሆን ተከራይቼ አጠገባቸው እገባ ነበር።

ከሪፖርቱ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚባል ነገር አለ፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚባል አለ፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚባል አለ። እንደ ክፍል ማለፍ ነው። የእኛ ሰፈር የመንገድ መብራት አምና ትኩረት ተሰጥቶት ነበር። ዘንድሮ አቅጣጫ ተቀምጦለታል። ከርሞ ሂደት ውስጥ ይገባል ብለን ተስፋ አድርገናል። እስከዚያ ማታ የምንሄደው በስልካችን ባትሪ ነው። ከመብራቱ ምሰሶ ስር ግን ከጨለማው የተነሳ ብዙ ወጣቶች እየተዋወቁ ስለሆነ ቸኩሉልን አንልም።

መድረኩ ለነዋሪው ሲከፈት ለእኛም አንድ ጭብጨባ ይገባ ነበር። ሁሉንም ምስጋና ለተመራጮች ብቻ ማሸከም ነውር ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ «በቅድሚያ ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ» ብሎ ጀመረና ዕድሉ እስኪያልቅ አመሰገነ። ሁለተኛው «ሰው ያነሳውን አልደግምም» ብሎ ደገመው። ሦስተኛው ከጃንሆይ ዘመን የሰፈሩ አቀማመጥ ተነስቶ ደርግ ላይ ሲደርስ ማይኩ ተወሰደበት። አራተኛው ማታ ማታ የሰው አጥር ስር ቆሻሻ የሚጥሉትን አወገዘ። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። (ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፌስታል ይዤ ሳልፍ ያየኝ ሰው እዚያው አዳራሽ ውስጥ እንደነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው።)

አንዱ ጎልማሳ የመኪና ማቆሚያውን አነሳ። የራሱን መኪና በራሱ በር ላይ አቁሞ ሲወጣ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ ቲኬት ቆርጦ ይጠብቀዋል። መልሱ አጭር ነበር፤ ለወጣቱ የሥራ ዕድል ፈጠራ ነው። እውነት ነው። ሰውዬው ቤቱ በመግባትና በመውጣት ብቻ ለአገር ስንት ውለታ ሲውል እንደኖረ እስከ ዛሬ የነገረው አልነበረም።

የሽንት ቤቱ ግን ለብቻው ምስጋና ይፈልጋል። ለማህበር ሲሰጥ ሃሳቡ ከጎኑ ትንሽ ካፌ ተከፍቶ ገቢው ሽንት ቤቱን እንዲደጉም ነበር። ካፌው አድጓል፣ ተመንድጓል። ማኪያቶው የሰፈሩ አንደኛ ነው። ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ «አሁን የወጣው ልጅ» ጋ ነው። ልጁ ከፋሲካ ጀምሮ አሁን እንደወጣ ነው። ማኪያቶህን ጠጥተህ ስትጨነቅ ወደ ወረዳው ይጠቁሙሃል፤ የወረዳው በር ላይ ደግሞ «ለሠራተኛ ብቻ» ተብሎ ተለጥፏል። ይሄ ሲነገር ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የምክር ቤት አባል ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ሲጽፉ አየሁ። ልቤ ተነካ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ገጹን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አበባ ነው የሳሉት። ቆንጆ አበባ ነው፤ የቅጠሉ ሥር ሳይቀር አለ።

እኚህን ሰው መቼ መረጥኳቸው ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ። እኔ ለወረዳ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠሁት ሚያዝያ 2005 ላይ ነው። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2010 ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ወረዳ ለወረዳ ምክር ቤት ብዬ ሳጥን ውስጥ ወረቀት ከትቼ አላውቅም። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረው ልጄ ዛሬ ጢሙን ይላጫል። እሱም ቢሆን መልካም ነው። በየአምስት ዓመቱ ምርጫ ቅስቀሳ፣ በር ማንኳኳት፣ ፖስተር መለጠፍ ቢኖር ኖሮ አበባ እንዲህ ለመሳል እጅ ከየት ይፈታ ነበር?

ከዚያ ከቆሻሻ ማህበሩ አንዲት ልጅ ተነሳች። ጠዋት ጠዋት ጋሪ እየገፋች «ቆሻሻ!» እያለች በራችንን የምታንኳኳው ናት። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። «እኛ የሚከፈለን ባስረከብነው ልክ ነው» አለች። «መኪናው ካልመጣ ገንዳው ሞልቶ ይቆያል። ገንዳው ከሞላ ማስረከቢያ የለንም። ካላስረከብን አይከፈለንም። ጓንት የምንገዛው ደግሞ ከዚያው ነው።» ድምጿን አላነሳችም። በአርባ ደቂቃው ሪፖርት ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ጨርሳ ቁጭ አለች።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ለአፍታ ጠፋኝ። የዚህ ከተማ ሰው መኪናው ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን አይቷል። በ2008 ክረምት፣ የሰንዳፋው ማስወገጃ በተከፈተ በወራት ውስጥ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ተዘግቶ፣ ቆሻሻው በየመንደሩ ተከምሮ ዝናብ ሲዘንብበት ከርሟል። መኪናው ዞሮ ወደ አሮጌው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ቆሼ ተናደ፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ፌስታላችን ከበራችን ከሄደ በኋላ የት እንደሚያድር ሁላችንም ጠየቅን። ለአንድ ሰሞን።

የልጅቷ ጥያቄ ምን ሆነ? ምን ይሆናል፤ ተወሰደ።

ቀጥሎ ሻይ ሰዓት ሆነ። የታሸገ ውሃና ቦንቦሊኖ መጣ። ቅድም «ዛሬስ አንለቃቸውም» ሲሉ የነበሩ ጎረቤቶቼ ከቦንቦሊኖው በኋላ በጣም ምክንያታዊ ሆኑ። አንዱማ «እነሱስ ምን ያድርጉ፣ በጀት የለም» አለኝ፣ አፉ ላይ ስኳር እያለ። እኔ ሁለት ውሃ ነው የወሰድኩት። አንዱ እንደ ግብዓት ነው።

የእማማ ተራ ሲደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። እኚህ እናት ማይኩን አልተቀበሉም። ከነጠላቸው ስር ጥቁር ፌስታል አወጡ። ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ነው። ቀስ እያሉ ወደ ፊት ሄደው አፈ ጉባኤዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባውና ከውሃው መሃል አስቀመጡት።

«ይሄ የሦስት ሳምንት ነው» አሉ። «እኔ አንድ ክፍል ቤት ነው ያለኝ። ገንዳው ሞልቷል። ወንዝ እንዳልጥለው ፈጣሪን እፈራለሁ። እናንተ የሰጧችሁን ሁሉ ትወስዳላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው ያመጣሁት።»

የፊተኛው ረድፍ በሙሉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሸሸ። የውሃ ጠርሙሶች ተነሱ። አበባ ሲስሉ የነበሩት አባል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

አፈ ጉባኤዋ ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸውን እንኳ አላሹም። ፈገግ ብለው «እናታችን፣ እጅግ እናመሰግናለን። ሁላችንም በቃል ያነሳነውን እርስዎ በተግባር አሳይተውናል። ይህንንም እንደ ግብዓት ወስደነዋል» አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጅ ሌላ ምን ያደርጋል። ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እንደሚሠራ ተነግሮ ስብሰባው ተዘጋ።

ሃሳቡ ተወሰደ። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የወንበሩ ልጅ መጥቶ በሁለት ጣቱ አንስቶ «የማን ነው ይሄ? አዳራሽ ውስጥ ቆሻሻ ጥሎ መሄድ ያስቀጣል!» ብሎ ጮኸ። እማማ ምንም ሳይሉ ተቀብለው ነጠላቸው ስር መለሱት።

በር ላይ ደረስኩባቸው። ከወረዳው እስከ ሰፈራችን ያለው ዳገት ልብ ያወልቃል።

«እማማ፣ ይስጡኝ እስቲ፣ ልያዝልዎት።»

ፌስታሉን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተም እንደ ግብዓት ልትወስደው ነው?»

ምን እንደምመልስ ሳስብ እጄ ላይ አስቀመጡት። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፣

«በል ታዲያ የሐሙሱ ቦታ እንዳትጥለው» አሉኝ። «እሱ የኔ አጥር ነው።»