ዛላምበሳ፦ ኬላው ይላላ ወይስ ወረቀት ይቅደም?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ በኢትዮጵያዋ ዛላምበሳና በኤርትራዋ ሰርሐ መካከል ሰው ያለ ፓስፖርት፣ ዕቃም ያለ ጉምሩክ ፍተሻ ማለፉ የአካባቢውን ንግድ ይጠቅማል።

ደጋፊ፦

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት ሃያ ዓመት ጥግ ይዛ የኖረችው ዛላምበሳ መተላለፊያ ከተማ ሆነች። ጤፍ፣ ሲሚንቶና የግንባታ ብረት ወደ ሰንዓፈና አስመራ ወጣ፤ ልብስ፣ ጫማና ኤሌክትሮኒክስ ወደ አዲግራትና መቀሌ ወረደ። አስመራ ላይ የእህል ዋጋ ቀነሰ። ከአዲግራት እስከ ኬላው ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሚኒባሱም፣ ጫኝና አውራጁም፣ ሻይ ቤቱም ሥራ አገኘ። ታኅሣሥ ላይ ሲዘጋ ሁሉም በአንዴ ቆመ። በሰኔ 2017 የሁለቱ ወገን ነዋሪዎች በራሳቸው አነሣሽነት የከፈቱትም ጥቅሙን ስለሚያውቁት ነው።

ወረቀት ይቅደም የሚሉ ሰዎች የሚሸጠውን ዕቃ አያውቁትም። በለስ በክረምት ይደርሳል፤ በማለዳ ተለቅሞ፣ እሾሁ ተጠርጎ ካልተሸጠ በጥቂት ቀን ይበላሻል። ለእሱ ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ ይከፈት? ምንዛሪውን ነጋዴው ራሱ ይጨርሰዋል።

ተቃዋሚ፦

በለስ! ያውም ወደ ኤርትራ! ወንድሜ፣ ከአስመራ ወደ ነፋሲት ሲወረድ ተራራው በለስ ለብሶ ነው የሚታየው። ወደ ሐረር ጫት ለመላክ አስበው ከሆነም ይንገሩን።

ቁም ነገሩ ግን «ምንዛሪውን ነጋዴው ራሱ ይጨርሰዋል» ያሉት ላይ ነው። እንዴት እንደሚጨርሰው እኔ ልንገርዎት። 50 ኩንታል ጤፍ በአይሱዙ ጭኖ ሰንዓፈ ያራገፈ ሰው የሚቀበለው የኤርትራን ገንዘብ፣ ናቅፋ ነው። ገዢው በባንክ ልክፈል ቢል የሁለቱን አገር ባንኮች የሚያገናኝ መስመር አልነበረም። ከ2008 ዓ.ም. የኖት ለውጥ ወዲህ ደግሞ ኤርትራዊው ከሒሳቡ በወር ከ5,000 ናቅፋ በላይ እንዳያወጣ ተገድቦ ነበር፤ ስለዚህ ጥሬ ገንዘቡ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ ነው የሚከፈለው። ያንን በማዳበሪያ ቋጥሮ አዲግራት ቢመለስ ባንክ አይቀበለውም። ምርጫው ሁለት ነው፤ ኬላው አጠገብ ለቆመ መንዛሪ መስጠት፣ አለዚያም እዚያው ዕቃ ገዝቶ መመለስ።

በ2011 ዶላር በመንግሥት ተመን እኛ ዘንድ 28 ብር ገደማ፣ እዚያ 15 ናቅፋ ስለነበር አንድ ናቅፋ ወደ 1 ብር ከ87 ሳንቲም ይመጣል። የኬላው ዋጋ ግን ተመን አይጠብቅም። በአንዱ ናቅፋ 10 ሳንቲም ብቻ ቢወርድ 100,000 ናቅፋ የያዘ ሰው 10,000 ብር ከሰረ። እንዲህ ከሚሆንበት ጨርቅና ጫማ ገዝቶ መምጣት ይሻለዋል።

የአዲግራት ባለሱቅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ በሕጋዊ መንገድ የገባ የ1,000 ብር ልብስ 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርበት 1,350 ይሆን ነበር፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 1,552.50፤ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (ተጨማሪ ግብር)፣ 1,707.75 ብር። 3 በመቶውን ቅድመ ግብር አልቆጠርኩም። በኬላ ያለ ፍተሻ ያለፈው በ1,300 ቢሸጥ እንኳ ያተርፋል። «የአካባቢው ንግድ» ሲሉ የየትኛውን ነው?

ደጋፊ፦

ቀልዱን ለሰፈርዎ ያቆዩልኝ። በለስ አልኩ፤ ቲማቲም ይበሉት፣ እንቁላል ይበሉት፣ የሚበላሽ ዕቃ ወረቀት አይጠብቅም ነው ያልኩት።

ወረቀቱንም ከዚህ በፊት አይተነዋል። በ1990 ዓ.ም. ናቅፋ ሲወጣ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት ይሁን ተባለ። ንግዱ ታንቆ ቀረ፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ቆይቶ ባድመ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ልቅ ይሁን ያለ የለም። ሞያሌና መተማ ላይ ያለው አነስተኛ የድንበር ንግድ የዕቃ ዝርዝርና የገንዘብ ጣሪያ አለው፤ የአካባቢው ነዋሪ ፈቃድ ይዞ ይነግዳል። ያው እዚህም ይሁን።

ተቃዋሚ፦

ባድመን ለሌተር ኦፍ ክሬዲት ማሸከም እንኳ ይለፍ። ግን ከላይ የተጻፈውን እንደገና ያንብቡት፦ «ያለ ጉምሩክ ፍተሻ» ይላል። አሁን የዕቃ ዝርዝር፣ የገንዘብ ጣሪያና ፈቃድ አመጡ። ጣሪያ ካለ የሚቆጥር ሰው አለ፤ የሚቆጥር ካለ ፍተሻ አለ። ከበለሱ ጋር የመከራከሪያውንም ሐሳብ ሰንዓፈ አራግፈውት ይሆን?

ዝርዝሩንስ እንይ። የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ በ1998 ዓ.ም. ታግዷል። ስለዚህ በ2011 መኪና ሙሉ ወደ ላይ የወጣው ጤፍ ዛላምበሳ ውስጥ ንግድ፣ ሌላው ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ነበር። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚሄድ ዶላር ከ120 ብር አልፏል፤ በዚያው የ15 ናቅፋ ተመን ቢሰላ አንድ ናቅፋ ከ8 ብር በላይ ነው። ኬላው ላይ በዚህ ዋጋ የሚገዛው ማን ነው? ይህን ሳይጽፉ «ይከፈት» ማለት ኮንትሮባንዲስት መሾም ነው።

ደጋፊ፦

ኮንትሮባንዲስት! ጀርባዋ ላይ አንድ ኩንታል ዱቄት በየተራ ከፋፍላ የምታሻግር እናትም በዚህ ስም ትጠራ? እርስዎ ዘንድ ማኅተም የሌለው ሁሉ ሌባ ነው መሰለኝ።

እስቲ ስለ ወረቀትዎ ይንገሩኝ። ታኅሣሥ 2011 ዛላምበሳ ላይ ኢትዮጵያዊው ከሰርሐ በኩል የፌዴራል መንግሥት ፈቃድ አምጣ ተብሎ ነው የተመለሰው። ሑመራና ኦምሐጀርም በገና ዕለት በሁለቱ መሪዎች ፊት ተከፍቶ ሚያዝያ ላይ ተዘጋ። ጨርቅና ቫት ሲቆጥሩ ዋሉ እንጂ ይህን አንድም ቦታ አላነሡም።

ተቃዋሚ፦

እናቲቱን ከኋላ ባይሰለፉባት ጥሩ ነው፤ የጻፍኩት ስለ አይሱዙ ነው። አይሱዙውን ከእርሷ የሚለየው ያ የሚጠሉት ወረቀት ብቻ ነው። ለእርሷ የቀበሌ መታወቂያ ይበቃት፤ 50 ኩንታል የጫነው ግን ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ) ይሙላ፣ ይመዘን፣ ናቅፋውንም ተመን ባለው ቦታ ይመንዝር።

ደጋፊ፦

ተመን ያለው ቦታ የት ነው? እርስዎ ራስዎ የለም ብለው ጽፈዋል! እስኪኖር አይሱዙው የት ይቁም?

ተቃዋሚ፦

አዲግራት ይቁም። የቀበሌ ወረቀት ይዞ ቢሄድና የሰርሐው ወታደር አላውቀውም ቢለው ለማን ይደውላል?

ደጋፊ፦

ለማንም። የፌዴራሉ ፈቃድ በተጠየቀ ጊዜስ ለማን ተደወለ?