ክፍተቱ ተዘሏል

ነርቭ ጡንቻን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን በውስጡ ያለችው «ኤሌክትሪኩ ከነርቩ ወደ ጡንቻው ያልፋል» የምትለዋ አረፍተ ነገር ዋናውን ነገር ዘላዋለች። ነርቭና ጡንቻ እኮ አይነካኩም! በመካከላቸው 50 ናኖሜትር ገደማ ክፍተት አለ፤ ኤሌክትሪኩ እዚያ ያበቃል። የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ምልክቱ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ አሴቲልኮሊን የተባለውን ይህን ኬሚካል የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶችም ይዘታቸውን ወደ ክፍተቱ ያፈሳሉ። አሴቲልኮሊኑ ጡንቻው ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ ሶዲየም ይገባና ጡንቻው የራሱን አዲስ ምልክት ያስነሳል።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ ግን ማቆሚያው ነው። እዚያው ክፍተት ውስጥ ያለ ኢንዛይም አሴቲልኮሊኑን ወዲያው ይሰባብረዋል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች ሰው የሚገድሉት ይህን ኢንዛይም ሽባ አድርገው ነው፤ ጡንቻው መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ይዝላል፣ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ። በአንጻሩ ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ ራሱ ተቀባዮቹን ያጠቃል፤ ጠዋት ደህና የነበረ የዐይን ቆብ ወደ ማታ ይወድቃል። ለዚህ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒሪዶስቲግሚን፣ ያንኑ ኢንዛይም በልክ የሚገታ ነው። መርዙና መድኃኒቱ አንድ ቦታ ላይ መሥራታቸው አይገርምም? ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል ይህን ቢያክልበት ደስ ይለኛል።