የቪአር መነጽር ክርክር፦ ለልጆች ክበብ ተዘጋጅቶ የመጣ የካርቶን ኪት ወይስ የገበያ ካርቶን?

የክርክሩ ጭብጥ፦ በጎጃም ከተሞች የሚገኝ የልጆች የዕደ ጥበብና የሳይንስ ክበብ ጥቂት ገንዘብ ቢያገኝ፣ ኔንቲንዶ ስዊች ለሚባለው ባለ ስክሪን የጌም መጫወቻ የተሠራውን ተገጣጣሚ የካርቶን ቪአር (ዐይን ላይ ሲደረግ በምስሉ ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስል መነጽር) ኪት ይግዛ? ወይስ ልጆቹ ራሳቸው ከገበያ ካርቶን ለክተውና ቆርጠው ለስልክ የሚሆን መነጽር ይሥሩ? ለኪቱ የቆሙት የደብረ ማርቆሱ ተከራካሪ ናቸው፤ ለገበያው ካርቶን የቆመችው የባሕር ዳሯ ተከራካሪ ናት።

ከደብረ ማርቆስ

ዕቃውን ሳያውቁ ስለ ዕቃው መሟገት አያምርምና ከዚያ ልነሣ። የጃፓኑ ጌም አምራች ኔንቲንዶ፣ ላቦ የሚባሉትን የካርቶን ኪቶች ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የቪአሩ ኪት አራተኛው ሲሆን በአፕሪል 2019 ገበያ ላይ ዋለ። ሙሉው ሳጥን ሲወጣ ዋጋው 80 ዶላር ነበር። በውስጡ መነጽሩ፣ ብላስተር የሚባለው መተኮሻ፣ ካሜራው፣ ዝሆኑ፣ ወፉና በእግር የሚረገጠው የንፋስ ፔዳል አሉ። መነጽሩንና ብላስተሩን ብቻ የያዘው አነስተኛ ሳጥን 40 ዶላር ነበር፤ የቀሩት አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ጥንድ በ20 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ካርቶኑ የሚመጣው ተቆርጦና መታጠፊያው ተሠርቶለት ነው። መቀስ የለም፣ ኮላ የለም። ልጁ ክፍሉን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ከሉሁ ያላቅቃል፣ በመስመሩ ያጥፋል፣ ምላሱን በሽንቁሩ ያስገባል። መመሪያው በጌሙ ካርድ ውስጥ ስለሆነ ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ በጣቱ ያዞረዋል፣ ያቀርበዋል፣ ያመለጠውን ወደ ኋላ መልሶ ያየዋል። ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ለሚቆምበት ክበብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለእኔ ግን የኪቱ ልብ ብላስተሩ ነው። ለእሱ ግማሽ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። ፓምፑ ወደ ኋላ ሲሳብ በውስጡ ያሉት ላስቲኮች ይወጠራሉ፤ ማስፈንጠሪያው ሲጫን የተወጠረው ይለቀቅና እጅ ላይ ነዘር የሚያደርግ ምት ይሰጣል። ይህን ሁሉ ጌሙ እንዴት ያውቃል? በቀኙ ጆይኮን (ከስዊቹ ተነቅሎ ካርቶኑ ውስጥ የሚገባ መቆጣጠሪያ) ግርጌ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዐይን የማይታይ ብርሃን የምታይ አንዲት ካሜራ አለች። በካርቶኑ ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ አንጸባራቂ ወረቀቶች ታያለች፤ አንጸባራቂው ከቦታው ሲንሸራተት ተኩስ መሆኑን ትለያለች። ካርቶኑ ውስጥ ሽቦ የለም፣ ባትሪ የለም። ልጅ ጎኑን ከፍቶ ላስቲኩን፣ ማስፈንጠሪያውንና አንጸባራቂውን እያየ "እንዲህ ነዋ!" የሚልበት ዕቃ ሌላ ብዙ አላውቅም። ሴንሰር ምን እንደሆነ በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ሳምንት ይፈጃል፤ እዚህ በጣቱ ይነካዋል።

ከባሕር ዳር

ጋሼ፣ ስለ ብላስተሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ አልክደውም። ግን ሂሳቡን ከመሀል ጀመሩት። 80 ዶላሩ ከመምጣቱ በፊት ስዊቹ ራሱ አለ፤ ሲወጣ 300 ዶላር ነበር። ክበቡ ያን ሁሉ ከፍሎ የሚያገኘው አንድ ስክሪን ነው። አንዱ ልጅ ያያል፣ ሃያው ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሉሁ ተቆርጦ ሲመጣ፣ ልጁ የሚማርበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው። ሌንሱና ስክሪኑ ስንት ሚሊ ሜትር ይራራቁ የሚለውን ጥያቄ ሌላ ሰው መልሶለታል። ያ ጥያቄ ደግሞ የመነጽሩ ሁለንተና ነው።

ጉግል የካርቶን መነጽሩን እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ሲያሳይ ልኩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነበር። የመጀመሪያው የሚጠይቀው ይህን ነው፦ 22 በ56 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 45 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት (የሩቅ ነገር ምስል ከሌንሱ ኋላ ጥርት የሚልበት ርቀት) ያላቸው ሁለት ሌንሶች፤ ሁለት ማግኔቶች፤ ሁለት ቁራጭ ቬልክሮ፤ አንድ ላስቲክ። ስልኩ ቤት ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ሚሊ ሜትሩ ልምጣ። በ45 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስክሪኑ ከሌንሱ 44 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቀመጥ፣ ዐይን ምስሉን ሁለት ሜትር ገደማ ርቆ ያገኘዋል፤ ያርፋል። 42 ላይ ሲሆን ምስሉ ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ይቀርባል። 40 ላይ ደግሞ 36 ሳንቲ ሜትር ላይ ይመጣና ልጁ ዐይኑን እያጨናነቀ ያያል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግንባሬን አመመኝ ይላል። 46 ከገባ ጭራሽ ይደበዝዛል። አራት ሚሊ ሜትር ይህን ሁሉ ያመጣል። ስለዚህ ሳጥኑ እንደ ክብሪት ቀፎ ሁለት ሆኖ መሠራት አለበት፦ ስልኩን የያዘው የውስጡ ሳጥን በውጭው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ጥርት ሲል በእርሳስ ምልክት አድርጎ በስኮች ማሰር ነው። ያን ምልክት ራሱ ያገኘ ልጅ ኦፕቲክስ፣ የብርሃንና የሌንስ ትምህርት፣ ገብቶታል።

ከደብረ ማርቆስ

እኅቴ፣ ስሌቱን ወድጄዋለሁ፤ ነገሩ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሌላ መልክ አለው። ተጠየቂ!

ሌንሱ ከየት ይመጣል? 45 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማለት በሌንስ ጉልበት መለኪያ 22 ዲዮፕተር ገደማ ነው፤ መነጽር ቤት ለማንበቢያ የሚሰጡት ከ1 እስከ 3 ወይም 4 ነው። ካርቶኑስ? ገበያ ላይ የሚጣለው የዕቃ ማሸጊያ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ለ1.5 የተሣለ ንድፍ በእሱ ላይ ሲቆረጥ ምላሱ ከሽንቁሩ አይገባም፤ በግድ ሲገፋ የሽንቁሩ ጠርዝ ይቀደዳል፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ውፍረቱ እየተደመረ የውስጡ ልክ ይጠባል። አንቺ ያልሻቸው አራት ሚሊ ሜትሮች ያኔውኑ አለቁ።

ሦስተኛው ደግሞ የባሰው ነው። ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ መዞርን የሚለካው ሴንሰር፣ ጋይሮስኮፕ፣ የላቸውም። ጋይሮስኮፕ የሌለው ስልክ ራስ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር በቅጡ አያውቅም፤ ምስሉ ይዘገያል፣ ወይም ብቻውን ይንሸራተታል። ማቅለሽለሽ ከዚህ ነው የሚመጣው። ስዊቹ ጋይሮስኮፑ በአካሉ ውስጥ ስላለ በዚህ አይታማም።

ከባሕር ዳር

እጠየቃለሁ፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ሌንሱን ሰዓት ሠሪዎች ዐይናቸው ላይ ከሚያደርጉት አጉሊ ማውጣት ይቻላል። 5 እጥፍ የሚያጎላው የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስክሪኑ በ48 እና በ49 መካከል ይቀመጣል። ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ካልተረጋገጠ የግራና የቀኝ ምስል መጠኑ ይለያያል፤ ጭንቅላት የሚያዞረውም ይህ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከመስኮት ሦስት አራት ሜትር ርቆ ግድግዳ አጠገብ መቆም፤ የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት እስኪል ሌንሱን ማራቅና ማቅረብ፤ ከሌንስ እስከ ግድግዳ በማስመሪያ መለካት። ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ የሚለያዩትን አለማጣመር ነው።

ካርቶኑን በተመለከተ፣ ወፍራሙን አይጠቀሙ። የጫማና የትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሳጥን በውስጡ ያለው የወረቀት ሞገድ ደቃቅ ነው፤ ለ1.5 ይቀርባል። ሞገዱ በዐይንና በስክሪን መካከል ባለው ርዝመት ይሂድ፤ አቅጣጫው ከተሳሳተ ሳጥኑ በስልኩ ክብደት ወገቡ ይጎብጣል። መታጠፊያውን በካተር መንካት አይገባም፤ ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ በማስመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ማስኬድ ይበቃል። በሁለቱ ዐይኖች መካከል የሚቆመውን ግድግዳ ልጆች ይረሱታል። እሱ ከሌለ ግራ ዐይን የቀኙን ሥዕል እየሰረቀ ያይና ሁሉም ነገር ጥላ ያወጣል።

ጋይሮስኮፑ ላይ ልክ ነዎት። ለመለየት ዙሪያውን የተቀረጸ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ይዞ በቦታ መዞር ነው፤ ሥዕሉ አብሮ ካልዞረ የለውም። የሌለውንም ግን አልጥለውም። ስልኩ በቆመ ነገር ፊት ተይዞ አንድ ፎቶ ይነሣበታል፤ ከዚያ ሳይጋደም 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ይንሸራተትና ሌላ ይነሣበታል። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲደረጉና በመነጽሩ ሲታዩ ጥልቀት ያለው አንድ ሥዕል ይሆናሉ። ከሁለት ሜትር የቀረበ ነገር ፍሬሙ ውስጥ አይግባ። ጢስ ዓባይን እንዲህ ላንሣ የሚል ልጅ ውኃው በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቦታውን ስለሚለውጥ አረፋው ይረብሸዋል፤ ዓለቱ ግን ወደፊት ወጥቶ ይታየዋል። ጣና ዳር የተሳበ የደንገል ታንኳ ከዚያ ይሻላል፤ እያንዳንዱ እስር ተለይቶ ይቆማል። ይህን ከየትኛው ሳጥን ገዝተው ያመጡልኛል?

ጥራቱንም ላንሣ። የስዊቹ ስክሪን 1280 በ720 ነጥብ ነው፤ ለሁለት ሲከፈል ለአንድ ዐይን 640 ነጥብ በወርዱ ይደርሰዋል። መካከለኛ ስልክ 1920 በ1080 ሲሆን ለአንድ ዐይን 960 ይሰጣል።

ከደብረ ማርቆስ

የታንኳው ፎቶ ረትቶኛል፤ ይሠራ። የስክሪኑም ነገር እውነት ነው፤ በላቦ መነጽር ውስጥ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ነገር ግን መነጽር አንድ ነገር ነው፣ ማሽን ሌላ ነገር ነው። በስልኩ መነጽር ልጁ ያያል እንጂ አያደርግም። ማግኔቷ አንዲት ቁልፍ ናት፤ እሷም የስልኩን ኮምፓስ አታልላ ነው የምትሠራ። በኪቱ ውስጥ የዝሆኑ ኩንቢ በአየር ላይ ይሥላል፤ የካሜራው ሌንስ ሲጠመዘዝ ምስሉ ይቀርባል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ፊት ላይ ነፋስ ይመታል። ካርዱ ውስጥ 64 ትንንሽ ጌሞች አሉ፤ የተሠሩት እዚያው ባለው የጌም መሥሪያ ስለሆነ ልጁ ከፍቶ እንዴት እንደተሠሩ ማየት፣ ቀይሮም የራሱን መሥራት ይችላል። አንዱን ግብዓት ከአንድ ውጤት ጋር በመስመር ማገናኘት ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሳይፈራው ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምርበት በር ይህ ነው።

ሃያ ልጅ ተራ ይጠብቃል ላልሽው፦ ስድስቱ ሥራዎች ለስድስት ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ሲያጥፍ ሌላው ክፍሎቹን ይለያል። መነጽሩ ማሰሪያ የለውም፤ በእጅ ተይዞ ታይቶ ለሚቀጥለው እንዲተላለፍ ሆኖ ነው የተሠራው።

ከባሕር ዳር

እሱ መተላለፉ ነው የሚያስፈራኝ ጋሼ። ይህን ነጥብ እንደ ክርክር ማሸነፊያ አይውሰዱብኝ፤ ከልቤ ነው። የእኛ ክልል በትራኮማ ከዓለም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው። በሽታው ከዐይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ከፊት ወደ ፊት የሚዞር፣ ላብ የሚጠጣ፣ ታጥቦ የማይደርቅ ካርቶን ለሃያ ልጅ ማዞር ማለት ምን እንደሆነ ያስቡት። በገበያ ካርቶን የሚሠራው መነጽር ዋጋው ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይይዛል፤ ስሙን ይጽፍበታል። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

ከደብረ ማርቆስ

በዚህስ ልሟገትሽ አልችልም። ዐይኑ የቀላ ወይም ፈሳሽ የሚወጣው ልጅ በዚያ ቀን መነጽር አይነካም፤ ኪትም ሆነ በእጅ የተሠራ። ለሌሎቹ ከፎቶ ኮፒ ወረቀት የዐይን ቀዳዳ ያለው መሸፈኛ ለያንዳንዱ ይቆረጥና ፊት ከሚነካው ጠርዝ ላይ ይደረጋል፤ ከተጠቀመ በኋላ ይቃጠላል። ሌንሱ በንጹሕ ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አልኮል ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋልና አይነካው። ፊትና እጅ ሳይታጠብ የሚገባ አይኑር። ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሕፃን ቪአሩን ጭራሽ እንዳያይ አምራቹም ያስጠነቅቃል፤ ከኪቱ ጋር የሚመጣው ስክሪን መያዣ ብዙዎቹን ጌሞች ያለ ሌንስ ለመጫወት ያስችላል።

ደግሞም ሌንስ ያለው ነገር ሁሉ መስኮት ላይ አይቀመጥ። ፀሐይ በሌንሱ ገብታ ስክሪኑን ታቃጥላለች። ብላስተሩም ፀሐይ ላይ አይሞከር፤ የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ስላለው ካሜራዋ አንጸባራቂውን መለየት ያቅታታል።

ክበቡ ለመግዛት ከወሰነ የሚገዛው የመጀመሪያው ዓይነት ስዊች ይሁን። ላይት የሚባለው ጆይኮኑ አይነቀልም፣ ስክሪኑም 5.5 ኢንች ነው፤ ለላቦ አይሆንም። ርካሽ ነው ብሎ እሱን ያመጣ ሳጥኑን ታቅፎ ይቀራል። ኦሌድ የሚባለውም አካሉ በጥቂቱ ይረዝማልና በሚገባ ላይገጥም ይችላል።

ከባሕር ዳር

እንግዲያው ይገዛ ከተባለ ትንሹ ሳጥን ይበቃል፤ መነጽሩና ብላስተሩ። የራሳቸውን የስልክ መነጽር ሠርተው የጨረሱ ልጆች ናቸው የሚከፍቱት። ከመክፈታቸው በኋላም ወዲያው አያጥፉት። እያንዳንዱ ሉህ ሳይላቀቅ በትልቅ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ ዙሪያው፣ ሽንቁሩና መታጠፊያው በእርሳስ ይቀዳ። በክረምት ርጥበት የሚለሰልሰው፣ ሃያ እጅ የሚያልፍበት፣ መጀመሪያ የሚቀደደው የብላስተሩ ፓምፕ ምላስ ነው፤ ያኔ ከጫማ ሳጥን ተቆርጦ ይተካል። ላስቲኩም ሲላላ በብር ማሰሪያ ላስቲክ ይተካል፤ ውጥረቱ እንዲመጣጠን ግን አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስተኝቶ ርዝመቱን ማስተያየት ነው።

ከደብረ ማርቆስ

አንጸባራቂዎቹስ? እነሱ በእርሳስ አይቀዱም።

ከባሕር ዳር

ቦታቸው ይቀዳል፤ ከጠርዙ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጻፋል። ወረቀቱ ራሱ ሲላጥ ባጃጆች ከኋላ ከሚለጥፉት ብርማ አንጸባራቂ ፕላስተር በዚያው መጠን ይቆረጥና በቦታው ይሞከራል። የቀረው ርጥበቱ ነው፤ ሁሉም በላስቲክ ከረጢት፣ ከጫማ ሳጥን የሚወጣውን ርጥበት መምጠጫ ይዞ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይሰቀል።