የመጋረጃ ስብከት

እንግሊዝኛ ውስጥ «ከርተን» እና «ከርቴይል» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ መጋረጃ ነው፣ ሌላው ማሳጠር። ላያቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ «መጋረጃው ረዝሞ ወለል ሲጠርግ ተቆረጠ፣ ነገሩ ከዚያ መጣ» ብሎ የሚተነትን አዋቂም አይጠፋም። ሞክሼ መሰሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

መጋረጃው የቤተ ክህነት ዘር ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 26 ላይ ሙሴ ለማደሪያው 10 መጋረጃ እንዲያሠራ ታዟል፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 28 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን «ኮርቲና» ብሏቸዋል። ፈረንሳዮች ቃሉን አለሳለሱት፣ እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ተቀበሉት።

«ከርቴይል» ግን ከጋጣ ነው የመጣው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ከርታል» ማለት ጭራው የተቆረጠ ፈረስ ነበር፤ ሥሩ «ኩርቱስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፣ አጭር ማለት። ጭራ በእንግሊዝኛ «ቴይል» ነውና ሕዝቡ ቃሉን በሰማ ቁጥር ጭራ ታየው፤ አጻጻፉንም አነባበቡንም ወደዚያው ሳበው። ጭራ ቆራጩ ቃል ራሱ ጭራ አበቀለ።

ቆረጣው ታዲያ የመቀስ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የሚቆረጠው አጥንቱ ነው፤ ደሙ እንዲቆም ጉማጁ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሠረገላ ነጂ ምክንያት አያጣም፤ ረጅም ጭራ የልጓሙን ገመድ ሥሩ ይወትፍና ፈረሱ ይደነብራል። ፋሽን ወዳዱ ጌታ ደግሞ ጉማጁ ቀጥ ብሎ እንዲቆምለት ከሥሩ ያለውን ጅማት ያስበጣል፤ ቁስሉ እስኪሽር ጭራው በገመድና በመዘውር ወደ ላይ ተወጥሮ ይሰነብታል። ጌታው አማረበት፣ ፈረሱ ዝንብ የሚያባርርበት አጣ። ሕግ ቆርጦ የከለከለው በ1949 ነው (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር)፣ መንገዱን መኪና ከያዘው በኋላ።

ለፈረስ ጭራ እንዲህ የጨከነ ሕዝብ ንግግር ማሳጠር ላይ ሲደርስ ቢላዋው ይደነዝዛል። ማስረጃው አልጋው ላይ ነው።

ያኔ የደህና ቤት አልጋ ራሱን የቻለ ክፍል ነበር፦ አራት ቋሚ፣ ከላይ ጣሪያ፣ ዙሪያውን ዘንግ ላይ በቀለበት የሚሳብ ከባድ መጋረጃ። አንደኛው ጥቅሙ ብርድ መከላከል ነው፤ ሁለተኛው ገመና መሸፈን፣ አሽከሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍል ወለል ላይ ይተኛል። ጣጣውም ብዙ ነው። ውስጡ ሻማ ይዞ የሚያነብ ሰው ቤት ያቃጥላል፤ እጥፋቱ ትኋን ያራባል፤ አየሩ ይታፈናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት አልጋ ሲስፋፋ መጋረጃው ከአልጋ የወረደው በትኋኑና በአየሩ ተከሶ ነው።

ባልን ካየነው ግን ዋናው ጣጣ መውጫ ማጣቱ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ ሚስት ቀኑን በእንግዳና በሠራተኛ ፊት የዋጠችውን ሁሉ ማውጣት ትጀምራለች። ይህ «የመጋረጃ ስብከት» ተባለ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት «ሚስት አልጋ ላይ ለባሏ የምትሰጠው ተግሣጽ» ብሎ ፈታው። ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ተግሣጽ ስም አልወጣለትም፤ መጋረጃም ሰዓትም አይጠብቅ።

በ1845 ደግሞ ፐንች የተባለው የለንደን የቀልድ መጽሔት እንዲህ ያለውን ስብከት በተከታታይ ያወጣ ጀመር። የመጀመሪያው መነሻ ባል ለወዳጁ ያበደራት 5 ፓውንድ ናት። ይቺ ገንዘብ ለቤቱ ምን ምን ትሆን እንደነበር ሲዘረዘር ሌሊቱ ይገፋል። ባል ያለው ምርጫ ሦስት ነው፣ ሦስቱም አያዋጣም። ቢመልስ ይረዝማል። «እሺ» ቢል «ሁልጊዜ እሺ ነው» ተብሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቢያንኮራፋ የነገ ማታውን ርዕስ ሰጠ። ዌር በምትባል ከተማ የነበረ፣ 3 ሜትር ከምናምን ወርድ ያለው ዝነኛ አልጋ አለ፤ አሁን ለንደን ባለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው፣ አራት ባልና ሚስት ያስተኛል ይባላል። አራቱም ሚስቶች አንድ ሌሊት ቢሰብኩ የትኛው ባል የማንን እንደሚሰማ እግዜር ይወቀው።

ከአልጋ የወረደው መጋረጃ መስኮት ላይ ሥራ አላጣም። የኖቲንግሃም ማሽኖች ዳንቴል መጋረጃን አርክሰው ለተራው ቤት አደረሱትና «መጋረጃ ነካኪ» የሚባል ሰው ተፈጠረ፣ የጎረቤቱን ገቢና ወጪ የሚቆጥር። ሙያው ቀላል አይደለም። መሀሉን የገለጠ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ጠርዙን በሁለት ጣት፣ ለአንድ ዓይን ብቻ ነው። ቀን ደጁ ከቤቱ ስለሚበራ ዳንቴሉ ወደ ውጭ ያሳያል፣ ወደ ውስጥ አያሳይም። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። መብራት አብርቶ ከዳንቴሉ ኋላ የሚቆም ሰው እስከ ካልሲው ይታያል፤ ማዶ ያሉት ሴትዮ የራሳቸውን አጥፍተው ወንበር ስበዋል።