ስልካችሁ ላይ ያያችሁት ዋጋ የያዛችሁት ሸክላ ዋጋ አይደለም

ሆድ ይፍጀው ብዬ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ ግን ልተነፍሰው ነው። ረጅም ስለሆነ ታገሱኝ። ቤቱ የሙዚቃ ሸክላ ያለው ሰው የምታውቁ ደግሞ አድርሱልኝ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ ሸክላ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን በየጊዜው እየተመላለሰ አንጀቴን ያሳርረኛል። ሰው ካርቶን ታቅፎ ይገባል፤ ካርቶኑን መሬት ሳያስነካ ስልኩን ያወጣል። ስክሪንሾት ነው። የውጭ አገር የሸክላ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ አንዱ ይህን ያህል መቶ ዶላር ብሎ የለጠፈውን አንስቶ፣ በጥቁር ገበያ ምንዛሪ አባዝቶ፣ ብሩን ምን እንደሚያደርግበት ጭምር ወስኖ ነው የመጣው። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ መብራት ስር ዘንበል ቀና ሳደርገው ፊቱ ይጠቁራል። ዋጋ ስነግረው ደግሞ ሌባ እባላለሁ። «ለፈረንጅ በስንት እንደምትሸጡት እናውቃለን!» ይላል፤ ሌላው ወደ ጓዳ እያየ «ባለቤቱ የለም እንዴ?» ይለኛል። ባለቤቷ እኔ ነኝ። መርፌ የምቀይረውም፣ ኪራይ የምከፍለውም እኔ ነኝ።

እስቲ እንነጋገር። የተለጠፈ ዋጋ ማለት ሻጩ የተመኘው ዋጋ ነው። ገዢ ሳያገኝ ዓመት የሚቀመጥ ሞልቷል። እዚያው ገጽ ላይ ወረድ ብትሉ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ፣ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ተጽፏል። ያንን ፎቶ አንስቶ የመጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ከዋጋው አጠገብ ደግሞ የሸክላው ይዞታ ተጽፏል፤ «ኒር ሚንት» ከተባለ ሸክላው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ማለት ይቻላል። በዚያና እናንተ በያዛችሁት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አሥር እጥፍም፣ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ ሸክላ በዓለም ዙሪያ የሚገዛውና የሚሸጠው እንዲህ ነው።

የአዲስ አበባ ሸክላ ደግሞ ብዙ ያገለገለ ሸክላ ነው። በሰርጉም፣ በልደቱም፣ በቡና ቤቱም ተጫውቷል። መርፌው ዶልዱሞ እንኳ ሳይቀየር ዓመታት ተጫውቷል። ሲዘልባቸው መርፌውን በያዘው የማጫወቻው ክንድ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ይለጥፉበት ነበር፤ ያ ክብደት ድምፁ የተቀረጸበትን መስመር እያረሰ ጥቁሩን ፊት ግራጫ ያደርገዋል። ካሴት ሲመጣ ሁሉም አልጋ ስር ገባ፣ ያውም ሽፋን አልባ፣ እንደ ሳህን ተደራርቦ። በመካከላቸው ያለው አቧራ ሥራውን ሲሠራ ኖረ። ወላጆቻችንን መውቀሴ አይደለም፤ ሙዚቃ የተገዛው ሊሰማ ነው፣ ደግ አደረጉ። ያንን ሁሉ ዘመን ያሳለፈን ሸክላ ግን ጃፓን ውስጥ ፕላስቲክ ለብሶ ከኖረው ጋር እኩል ዋጋ ስጡልኝ አትበሉኝ።

ሸክላዎቹ ለምን እንደሚፈለጉ አውቃለሁ፤ ከእኔ በላይ ማን ይወቅ! ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ደፍሮ የራሱን ማሳተም ጀመረ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹን ህንድ ልኮ ነው ያሳተመው። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ) ሸክላዎችንና ደርዘን የሚሆኑ ትልልቆችን አወጣ፣ ከዚያ አገር ጥሎ ወጣ። ዓሊ ታንጎ ደግሞ በካይፋ ስም ሸክላ አሳተመ። ፊሊፕስ የተባለው አሳታሚም ነበር። ዘመኑ በሙሉ ሲደመር አሥር ዓመት አይሞላም ማለት ይቻላል። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያሳድደው እንግዲህ ያችን አጭር ጊዜ ነው፤ ቅሪቱ ያለውም በእናንተ አልጋ ስር ነው። የምናደደውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ወንድምና እህት መጡ። የአባታቸው ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ባለ 45 የአምሃ ሸክላ፣ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ላይ አባትየው በሰማያዊ ቢክ ስማቸውን ጽፈውበታል፤ ያኔ ግብዣ ላይ ሸክላ እንዳይቀየር እንዲህ ይደረግ ነበር። አንደኛው ፊት አልቋል፣ ከዘፈኑ ጩኸቱ ይበልጣል። ገልብጬ ስጭነው ግን ሁለተኛው ፊት ንጹሕ! ሳክስፎኑ ጥርት፣ ባሱ ከነሙቀቱ። እህትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እንደዚህ ነበር እንዴ ድምፁ?» አለችኝ። አባቷ ይህን ፊት አይወዱትም ነበርና ሰምታው አታውቅም። የቻልኩትን ዋጋ ተናገርኩ፤ በእኔ አቅም ትልቅ ዋጋ ነበር። ወንድምየው ስልኩን አሳየኝ። እህትየዋ «ተው እንጂ፣ ስልኩ ላይ ያለው ሰው የጠየቀው ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብትለው አልሰማ አለ። ይዞት ሄደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። ሌላ ቦታም ዞሮ የተሻለ አላገኘም። ሸክላው በዚህ መሃል የከረመው መኪናው ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ስር ነው። ቪኒል እኮ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ መስታወቱ ስር እዚያ ለመድረስ ብዙም አይቸገርም። ጠርዙ ተነሥቷል። አዞርኩት፤ መርፌው ወጣ፣ ወረደ፣ ከዚያ ተንሸራቶ ሄደ። ያ ንጹሕ ፊት የለም። ልጁ «አሁንስ ስንት?» አለኝ። ምን ልበለው? የሰማችው እህቱ ናት ያሳዘነችኝ። የዚያ ሸክላ ሌላ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

እንደገና የታተሙትን አምጥተው የሚጣሉኝም አሉ። የሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ላይ የታተመ ሸክላ በ2017 እንግሊዝ አገር ባለ አሳታሚ እንደገና ወጥቷል። ጥሩ ሥራ ነው፣ እኔም እሸጠዋለሁ፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያው ዋጋ አይደለም። ሽፋኑን ገልብጡና እዩ፤ ባርኮድ ካለው የዚያን ጊዜ እትም አይደለም። መጨረሻው ላይ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ውስጥ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ እሱም እትሙን ለመለየት ይረዳል። አሮጌ ሁሉም ውድ አይደለም። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጂም ሪቭስ ሸክላ በየቤቱ አለ፤ ብዙ ስለታተመ ርካሽ ነው። ይህን ስናገር አባታቸውን የሰደብኩ የሚመስላቸው አሉ።

ከሻጩ በላይ የሚያበግነኝ ገዢም አለ። ካፌ የሚከፍቱ ሰዎች ይመጣሉ፤ «ባይሠራም ግድ የለም፣ ለግድግዳ ነው» ይላሉ። ለግድግዳ ከሆነ የተሰበረና የተጣመመ ሞልቶኛል፣ በርካሽ ውሰዱ። የሚጫወተውን ግን አልሰጥም! መሃሉን በምስማር መትቶ የሚሰቅለው ሰው ገንዘብ ቢኖረውም አልሸጥለትም። ኪሳራ ነው ብትሉኝም አልሸጥለትም።

በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዶሮ ማነቂያና ፒያሳ ሲፈርሱ ሰው ዕቃውን በጥድፊያ ነው ያወጣው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳጥን የት ይገባል? ከጠርሙሱና ከብረቱ ጋር ለቆራሌው ተሰጠ። ቀድሞ የደረሰ ደላላ ደግሞ ሳይከፍት ካርቶኑን በጅምላ ገዛ፤ ስንቱ ሸክላ በሻንጣ ከአገር እንደወጣ ፈጣሪ ይወቀው። ሱቅ ከፍቼ፣ ግብር ከፍዬ፣ ፊት ለፊታችሁ አጫውቼ የምገዛ እኔ ሌባ የተባልኩት፣ ደላላው «ጎበዝ» በተባለበት ከተማ ነው። የማጫወቻ መርፌ እዚህ አይሠራም፤ ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ ዋጋ ይመነዘር ከተባለ ወዲህ ያው አንዱ መርፌ ስንት እንደገባ ንግድ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እሱም ከዋጋዬ ውስጥ ይወጣል።

በሞቴ፣ ባትሸጡልኝም ግድ የለም። ለእኔ ካልሸጣችሁ ግን ለራሳችሁ አኑሩት። ሸክላ አይነባበርም፤ እንደ መጽሐፍ በጠርዙ ይቁም፣ ከመስኮትና ከምድጃ ይራቅ። ሽፋን ከሌለው ንጹሕ ወረቀት አልብሱት፣ ጋዜጣ ግን ቀለሙ ስለሚለቅ አይሆንም። ዋጋውን ማወቅ ከፈለጋችሁ አምጡት፤ ሁለቱንም ፊት አጫውቼ አሰማችኋለሁ፣ ለዚህ አላስከፍልም። በበረኪና አትጠቡት፣ በሽቦም አትፈትጉት። ከባዱን፣ ሲወድቅ የሚሰበረውን ባለ 78 ሸክላ ደግሞ አልኮል እንዳታስነኩት፤ ይሟሟል።